ባሕር መዝገብ

ቅዳሜ ሌሊት ነው ሰርቨሩን ያደስን፣
ካፖርት በጋቢ ላይ ደራርበን ለብሰን፤
የጠባሴ ነፋስ ቆርቆሮ ሲደልቅ፣
ውጪ ውርጩ ሲጋገር፣ ማሽኑ ብቻ ሲሞቅ፣
እጃችንን ሰጠን ለትኩስ እስትንፋሱ፤
የውኃ አገልግሎት ምድጃው እሱ ነው፣ እሱ።

የሰባት ዓመት ውኃ፣ የቆጣሪ ንባብ፣
የከፈለ፣ ያልከፈለ፣ የቅጣቱ ሒሳብ፣
ካሮጌው ወዳዲሱ ተሻገረ በሰላም፤
አንዲት ሊትር እንኳ መንገድ ላይ አልቀረም።
«ተመስገን» አለችኝ ማስተዋል፣ ስታዛጋ።
ሳንተኛ ነጋ።

ሰኞ ግን
የዲስኩ መብራት፣ ያ ረጋ ያለው፣
እንደ ሽማግሌ ዓይን አልፎ አልፎ የሚጠቅሰው፣
ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም፣ ፋታ የለው።
ያው ደንበኛ፣ ያው ቢል፣ ያው ሦስቱ መስኮት፤
ጽሕፈቱ ግን እጥፍ። ምን ነክቶት? ምን ነክቶት?
እስከ ዓርብ ግራፉ የእኛው ሜዳ ነበር፣
ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ የገብስ ማሳ ድንበር፤
አሁን በየአምስት ደቂቃው ጣርማ በር ይደርሳል፣
አፋፉ ላይ ይወጣል፣ ቁልቁል ይምዘገዘጋል።

አቶ ልሳነወርቅ፣ ሥራ አስኪያጃችን፣
ቆመ ከኋላችን።
«ሁለቴ ከጻፈ ሁለቴ ያረጃል፤
ለሌላ ዲስክ በጀት ማን ይፈርምልኛል?
ማደስ ማለት ይሄ ነው?
ማጥፊያ የለውም ወይ ይሄ ድግምግሞሹ?»

አለው። አንድ መስመር ነው።
«በርቷል» የሚለውን «ጠፍቷል» ማድረግ ነው።
ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩት፤
አልተጫንኩት።

ጋሽ ሸዋንግዛው ትዝ አሉኝ።

በኮታቸው ደረት ኪስ ሁልጊዜ የማይጠፋ
የኒያላ ፓኮ፣ ተተርትሮ የሰፋ፤
ቆጣሪ አንብበው፣ ከደጁ ሳይነሱ፣
እሱ ላይ ጫር አርገው ነው የሚንቀሳቀሱ።
ማታ ቢሮ ገብተው፣ ጣታቸውን አሙቀው፣
ባሕር መዝገብ ዘርግተው፣ መነጽር አጥልቀው፣
ያችኑ ቁጥር ደግሞ በቀለም።
አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፤ ሳቅኩባቸው።
«ጋሼ፣ ጊዜ አይባክንም?»
ቀና አላሉም።
«ያልተጻፈን ቁጥር ሄደህ ትጠይቃለህ።
ግማሽ የተጻፈ ግን ይዋሽሃል፤ አንተም ታምነዋለህ።
ስምንት መቶ ልትጽፍ፣ ስምንት ላይ መብራት ቢሄድ፣
ሰውዬው ስምንት ነው። በቃ። ማን ይፍረድ?»

ረቡዕ ከቀትር በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣
ነፋሱ ሽቦውን መታ፤ ከተማው ድርግም።
ዩፒኤሱ ሁለቴ ጮኾ አረፈው።
ማራገቢያው ቆመ።
በዚያ ጸጥታ መሐል
ከማዶ በሬሳ ሲፈስ የሰማሁ መሰለኝ።
ሁለተኛው መስኮት ላይ አንዲት ሴት ደረሰኝ ትጠብቃለች፤
ብሯ ተቆጥሮ ገብቷል፣
ስሟ ግማሽ ይሁን ሙሉ፣ ማን ያውቃል?

መብራት መጣ። ሰርቨሩ ነቃ።
ባሕሩን አልከፈተም ወዲያው፤
እጁን ኪሱ ከተተ፣
የኒያላውን ፓኮ አወጣ፣
መስመር በመስመር አነበበ፣
የተቦጨቀውን ገጽ በሙሉው ተካ፣
የቀረውን ገለበጠ።
አርባ ሁለት ሰከንድ።
ወይዘሮ ይመኙሻል፤ አሥራ አራት ሜትር ኩብ፤ ተከፍሏል።
ሴትዮዋ ደረሰኟን አጥፋ፣ «ስትዘገዩ!» ብላ ሄደች።

አቶ ልሳነወርቅ የዲስክ ግዥውን ፈርሟል፤
ወይ ፈርሜያለሁ ብሏል።
የጋሽ ሸዋንግዛው ኮት ከቀብሩ ማግስት
ለማን እንደተሰጠ እንጃ፤
ኪሱን ማን እንደፈተሸው እንጃ።
የቤታቸው ቆጣሪ፣ በልጃቸው ስም ዞሮ፣ ዛሬም ይቆጥራል።
ማስተዋል ደክሟት ተኝታለች፣ ወንበሯ ላይ፣ ከነጋቢዋ።

ብልጭ፣ ኪሱ ላይ።
ድርግም፣ ባሕሩ ላይ።